ስንዴው እንዳይነቀል

እንክርዳድ ቡቃያ ሳለ ስንዴ ነው የሚመስለው። ቅጠሉም፣ አገዳውም፣ ቁመቱም ከስንዴው አይለይም፤ ማንነቱ የሚታወቀው ዛላው ሲወጣ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሥሩ ከስንዴው ሥር ጋር ተጠላልፏልና አንዱን ሲስቡት ሌላው አብሮ ይመጣል። ሳይለቀም ተፈጭቶ ዳቦ ወይም ጠላ ከሆነ የበላውንና የጠጣውን ራሱን ያዞረዋል። እናቴ ስንዴ ስትለቅም ሰፌዱን ወደ ብርሃን አዙራ ትቀመጥና ከፍሬው መካከል ቀጭኗንና ጠቆር ያለችውን እየመረጠች ታወጣ ነበር። ከተወቃ በኋላ እንኳ ይህን ያህል ዓይን ይጠይቃል።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ጎንደር፣ ከቤታችን ደጅ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ወንጌልን ከነአንድምታው ሲያስተምሩ እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። በማቴዎስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ ያለችውን የእርሻ ምሳሌ የያዝኳት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ባለቤቱ መልካም ዘር ዘርቷል፤ ሰዎቹ ሲተኙ ጠላት መጥቶ እንክርዳድ ዘራበት፤ አገልጋዮቹ ሄደው ሊነቅሉት ቢጠይቁ ባለቤቱ እስከ መከር ድረስ እንዲተዉት አዘዘ። እኔን የከነከነኝ ክልከላው ነበር። አገልጋዮቹ ምን አጠፉ? አረም ማረም የትጉህ ሰው ሥራ አይደለም ወይ? ማታ ራት ላይ ስጠይቃቸው አባቴ፣ «የከለከላቸው ለእንክርዳዱ ራርቶ አይደለም፤ ለስንዴው ሳስቶ ነው» አሉኝ። መልሱን በቃሌ ያዝኩት። ነገሩ የገባኝ ግን አድጌ ነርስ ከሆንኩ፣ በልብ ክትትል ክፍል ለልጆች ወርሃዊ መርፌ መውጋት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ማይክሮባዮሎጂ ተማርኩ፤ አሁን የጤና ተማሪዎችን አስተምራለሁ።

ክፉውን ለምን ይታገሡታል? ኃይል ያለው አምላክ የሚገድለውንና የሚያድነውን ጎን ለጎን ሲያድጉ እያየ ለምን ዝም ይላል? ሊቃውንቱ በብዙ መንገድ መርምረውታል። እኔ የማውቀው መንገድ አንድ ነው፤ በልጆች ጉሮሮ በኩል የሚያልፈው።

ልጅ ቶንሲል ታመመ ስንል አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቫይረስ ነው። ከፊሉን የሚያመጣው ግን ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት በሰንሰለት የተደረደረ ክብ ባክቴሪያ ነው። ከዘመዶቹ ለይታ «ኤ» ብላ የመደበችው ሬቤካ ላንስፊልድ የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም ዕድሜዋን ከሞላ ጎደል በዚህ ፍጡር ላይ አሳለፈች። ምደባዋን ያሳተመችው በ1933 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ባክቴሪያውን አደገኛ የሚያደርገው በገላው ላይ ያለ ኤም የተባለ ፕሮቲን መሆኑን ያሳየችም እሷ ናት። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ ቀድሞ ግን የላይኛው ልብሱ።

በ1934 ካርል ማየር የተባለ ሳይንቲስት ከባልደረባው ጋር ከከብት ዓይን ውስጥ ካለው ዝልግልግ ነገር ላይ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ለይቶ አወጣ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ተባለ። ይኸው ነገር በመገጣጠሚያችን ፈሳሽ፣ በቆዳችን፣ በእትብታችን ውስጥ አለ፤ ሥጋችን እርስ በርሱ ሳይፋተግ የሚኖረው በእሱ ነው። በ1937 ኬንዳል፣ ሃይደልበርገርና ዳውሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ላይ የሚያሟልጭ ሽፋኑን አውጥተው ሲመረምሩ ያገኙት ያንኑ ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። ቅጂው ወይም የሚቀርበው ነገር ሳይሆን ራሱ። ኬሚስት ሁለቱን ሳህን ላይ አድርጎ ይህ ከከብት ዓይን ይህ ከባክቴሪያ ብሎ ሊለያቸው አይችልም። ሰውነትም አይችልም፤ ባክቴሪያው ይህን ሽፋን ለብሶ ሲመጣ ሰውነት በሽፋኑ ላይ አይነሳም። ቢነሳ በመገጣጠሚያው፣ በቆዳው፣ በዓይኑ ላይ መነሳቱ ነው።

የአባቴን መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥጋ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን የሚተወው ለባክቴሪያው ራርቶ አይደለም።

ከልብሱ በታች ያለው ነገር ደግሞ የበለጠ አሳስቦኛል። ደማችን ውስጥ ኮምፕሊመንት የሚባል የፕሮቲኖች ጉባኤ አለ። ይዘነው የምንወለደው፣ ማንም ሳያስተምረው የሚሠራ ጥበቃ ነው። ሰውነት ለጠላቱ ለይቶ የሚሠራው አንቲቦዲ አዲስ ጠላት ካየ በኋላ ለመዘጋጀት ቀናት ይፈልጋል፤ ኮምፕሊመንት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ከመካከላቸው ዋናው ሲ3 ይባላል፤ በአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ አንድ ግራም ያህል አለ፤ ለአንድ የመከላከያ ፕሮቲን ይህ ብዙ ነው። ሲ3 ትእዛዝ አይጠብቅም። ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ተኝቶ ሳለ እንኳ በዝግታ ራሱን እየከፈተ ባገኘው ገላ ላይ ይጣበቃል፤ የባክቴሪያም ይሁን የራሳችን ሴል አይመርጥም። አንዴ ከተጣበቀ ሌሎቹን ይጠራል፤ ገላው በአጭር ጊዜ ይሸፈናል፤ ነጭ የደም ሴሎች ያንን ምልክት አይተው ይውጡታል። በአንዳንዱ ባክቴሪያ ላይ ደግሞ ኮምፕሊመንቱ ራሱ ቀዳዳ ይበሳበታል።

ይህ ጥበቃ ያለ አንቲቦዲ ሊነሳ እንደሚችል ሉዊስ ፒልመር የተባለ አሜሪካዊ በ1954 ሲጽፍ የዘመኑ ባለሙያዎች አላመኑትም። በ1957 ሞተ። ትክክል እንደነበር የተረጋገጠው ከሞተ በኋላ ነው። ይህን ሰው ለተማሪዎቼ ሳልጠቅስ አላልፍም።

ታዲያ ያ ሁሉ ኃይል በራሳችን ላይ ለምን አይወርድም? ያለ ልዩነት በሁሉ ላይ የሚጣበቅ ነገር የራሳችንን ኩላሊት፣ የራሳችንን ደም ሥር ለምን አያፈርስም? መልሱ ፋክተር ኤች የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው። በደም ውስጥ ሲዞር የራሳችንን ሴሎች ገላ ያስጌጡትን ስኳሮች ሲያገኝ ይይዛቸዋል፤ ከዚያ እላያቸው ላይ የተጣበቀው ሲ3 በረዳቱ ተቆራርጦ ከሥራ እንዲወጣ ያደርጋል። ፍርዱ ተጀምሮ ሳለ ይቆማል። ይህ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር አይደለም፤ እርስዎ ይህን ሲያነቡ በእያንዳንዱ የደም ሥርዎ ግድግዳ ላይ እየሆነ ነው። በትውልድ ፋክተር ኤቻቸው የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ የገዛ ጥበቃቸው የኩላሊታቸውን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠፋባቸዋል። በ2005 ደግሞ በዚሁ ፕሮቲን ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ልዩነት በእርጅና ዘመን የዓይን ብርሃን ከመጥፋት ጋር የተያያዘች መሆኗ ተደርሶበታል። ስለዚህ እኛ በሕይወት ያለነው ጥበቃችን ኃይለኛ በመሆኑ ብቻ አይደለም። የሚታገሥም ስላለበት ነው። ትዕግሥቱ በኃይሉ ላይ የተጨመረ ጌጥ አይደለም፤ ከሌለ ኃይሉ ባለቤቱን ይገድላል። እኔ ይህን ምሕረት እለዋለሁ፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ስትሬፕቶኮከሱ የሚኖረው በዚህ ምሕረት ነው። በ1988 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የላንስፊልድ ኤም ፕሮቲን ከባክቴሪያው ገላ እንደ ፀጉር ወጥቶ ፋክተር ኤችን ከደም ላይ ይይዛል። ሁሉም የኤም ዓይነት እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ሌላ ተመሳሳይ አስታጋሽ ፕሮቲን ነው የሚይዘው። ዓይነቶቹ ከ200 በላይ ናቸው። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ በባክቴሪያው ላይ ፍርድ ሲጀመር፣ ለራሳችን ሴሎች የተሰጠው ይቅርታ ለእሱም ይደርሰዋል። በዚህም ላይ ነጭ የደም ሴሎችን የሚጠራውን መልእክተኛ ፕሮቲን የሚቆርጥ መቀስ በገላው ላይ ይዟል። የማጅራት ገትር ባክቴሪያም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ፋክተር ኤችን የሚይዝበት ፕሮቲን የሰውን የስኳር ቅርጽ በፕሮቲን የሠራ መሆኑ በ2009 ታይቷል። ቢ የሚባለው የማጅራት ገትር ዓይነት ደግሞ ልብሱ በሕፃናት አንጎል ሴሎች ላይ ያለው ስኳር ራሱ ነው፤ ለሌሎቹ ዓይነቶች ከልብሳቸው ክትባት ሲሠራ ለእሱ ብዙ ዘመን ያልተቻለው ለዚህ ነው።

እግዚአብሔርን ለምን ይታገሣል ብሎ የሚከስ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስበው ይህንን ይመስለኛል። ትዕግሥቱ የተበዘበዘው እውነተኛ ስለሆነ ነው። ሐሰተኛ ቢሆን የሚለብሰው አያገኝም ነበር። ሰውነት ምሕረቱ ስለተሰረቀበት ምሕረቱን ከራሱ ሴሎች ላይ አያነሳም፤ ቢያነሳ ባክቴሪያው ከሚያደርሰው ጉዳት በፊት ራሱ ያልቃል።

አሁን ወደ ሌላው ጎን ልምጣ፤ አገልጋዮቹ ባይከለከሉ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ወደሚታይበት።

አንዲት እናት ከደምብያ ገጠር ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ልጅቷ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ ውኃ ይዛ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሌሊት ቀና ብላ ካልተቀመጠች አትተኛም። በአልትራሳውንድ ሲታይ የግራ ልቧ ቫልቭ ጠባሳ ሆኖ ተኮማትሯል። እናትየዋ ታሪኩን በደንብ ታስታውሳለች፤ መጀመሪያ ጉሮሮዋን አመማት፣ በቀናት ውስጥ ለቀቃት፤ ከዚያ ሳምንታት አልፈው ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ በየተራ አበጠ፤ እሱም ለቀቃት። «ሲስተር፣ ጉሮሮዋስ ድኗል፤ ልቧን ማን ነካባት?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። «የገዛ ሰውነቷ?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። «አዎ እትዬ።» ዝም አለች፤ ከዚያ፣ «ምን አድርጋው?» አለች።

የሆነው እንዲህ ነው። ኤም ፕሮቲን ሁለት ሆኖ የተጠማዘዘ ረጅም ጥቅል ነው። በልባችን ጡንቻ ውስጥ ያለው ማዮሲን የተባለ ፕሮቲንም እንደዚሁ የተጠማዘዘ ረጅም ጥቅል ነው። በአንዳንድ ልጆች ሰውነት፣ በትውልድ ዝንባሌ ባላቸው፣ ለኤም ፕሮቲንና ከልብሱ ሌላ ለሆነ የባክቴሪያው ስኳር የተሠራው አንቲቦዲ ባክቴሪያውን ጨርሶ አይቆምም። የሚመስለውን ይፈልጋል። መገጣጠሚያ ላይ ይደርስና ያሳብጠዋል፤ ይህ አላፊ ነው። ልብ ላይ ሲደርስ ግን ቫልቭ ላይ ጠባሳ ያደርጋል፣ ጠባሳውም አይለቅም። በተጎዳው ቫልቭ ላይ ባክቴሪያውን ቢፈልጉት አያገኙትም። እዚያ ደርሶም አያውቅም። እንክርዳዱ ከተነቀለ ሰንብቷል፤ የተነቀለው ስንዴው ነው።

ለዚህ ነው ባለቤቱ የከለከለበት ምክንያት ተራ ጥንቃቄ ነው ከሚሉ ሰባክያን ጋር የማልስማማው። አገልጋዮቹ ሰነፎች ወይም ክፉዎች አልነበሩም። ቅን ነበሩ፤ ንቃታቸውም ልክ ነበር፤ ያዩት እንክርዳድ እውነተኛ እንክርዳድ ነበር። ያጡት አንድ ነገር የመለየት አቅም ነው። ያለ መለየት የሚሠራ ቅንዓት ምን እንደሚያደርግ በስቴቶስኮፕ ሰምቼዋለሁ፤ በእያንዳንዱ የልብ ምት መካከል ሹክሹክታ አለው።

ጠላቱስ ማነው? ምሳሌው ጠላት ሰው ይህን አደረገ ይላል። አባቴ በሕይወት ሳሉ በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል። እኔ ባክቴሪያው አይዋሽም እላለሁ። ውሸት ፈቃድ ይፈልጋል፤ እሱ ፈቃድ የለውም። ለዘመናት የእኛን የመሰለው ተረፈ፣ ያልመሰለው ተበላ፤ የቀረልን ሲመስል የኖረው ዘር ነው። የልጅቷ ልብ በመጎዳቱም አንዳች አይጠቀምም፤ ይዘውት ምንም ሳይሆኑ የሚኖሩ ልጆች ጉሮሮ ይበቃዋል። ስለዚህ እዚህ ያለው ዋሾ የሌለበት ማታለል ነው፤ ይህን ደግሞ «ክፉ ከፈቃድ ይመነጫል» በሚለው ትምህርታችን ውስጥ ለማስገባት ይከብደኛል። አባቴ አልተቀበሉኝም። ፍጥረት ሁሉ ከአዳም ውድቀት ጋር መቃተቱን፣ የዘሪው እጅ ባይታይም ዘሩ ከሰማይ አለመውረዱን ይነግሩኝ ነበር። ሳንስማማ ተለያየን። ክርክሩን አሁንም ብቻዬን እቀጥላለሁ፤ አንዳንድ ቀን እሳቸው ይረቱኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁለታችንም አንድ ነበርን። ልብን የሚጎዳው አንቲቦዲ አልፎ አልፎ አንጎል ላይም ይደርሳል። ያን ጊዜ ልጁ ሳይፈልግ እጁና ፊቱ ይወራጫል፣ ብርጭቆ ይጥላል፣ ጽሕፈቱ ይበላሻል፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል። ቶማስ ሲደናም የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1686 ገልጾታል። በእኛ አገር እንዲህ የሆነ ልጅ ሲታይ ብዙ ጊዜ ዛር ነው፣ ቡዳ በልቶታል ይባላል፤ ከዚያ ዓይን ወደ አንዲት ጎረቤት ይዞራል። አባቴ እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲመጣባቸው ጠበሉን አይከለክሉም፤ ጸሎቱንም ያደርሳሉ፤ እግረ መንገዳቸውን ግን «ጉሮሮውን አሞት ነበር ወይ?» ብለው ጠይቀው ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩታል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ሲመክሩ አባቴ እጅግ ተደስተው ነበር። ጠላትን ሰው ላይ መፈለግ፣ ጎረቤት ላይ መፈለግ፣ ይህ ነው ምሳሌው ከሁሉ በፊት የከለከለው ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ዘግየት ማለት እፈልጋለሁ። ስለ ባክቴሪያ የጻፍኩትን አንብቦ ወደ ሰዎች የሚያዞረው እንዳይኖር እሰጋለሁ። እኛን መስለው በመካከላችን የሚኖሩ ጠላቶች አሉ የሚለው ንግግር በእኛ አገር ባለፉት ዓመታት ምን እንዳደረገ ሁላችንም አይተናል። ሰውን አረም፣ ሰውን እንክርዳድ ብሎ የጠራ አፍ ሁልጊዜ ቀጥሎ ማጭድ ይፈልጋል። የባክቴሪያው ነገር ለዚያ ንግግር ማስረጃ አይሆንም፤ ተቃራኒው ነው። ባክቴሪያ ባክቴሪያ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው ግን ይለወጣል። ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ይህን አስተውሏል፤ ከእንክርዳዱ ብዙዎቹ ወደ ስንዴነት ሊለወጡ ይችላሉና አሁን ብትነቅሏቸው ሊሆኑ የሚችሉትን ስንዴ ታጠፋላችሁ ይላል፤ መናፍቃንን መገሠጽና ዝም ማሰኘት እንጂ መግደል አልተፈቀደም ብሎም ይደመድማል። አውግስጢኖስም በመጀመሪያ ማንንም በግድ ወደ እምነት አናምጣ ይል ነበር፤ ኋላ በሰሜን አፍሪካ ዶናቲስቶች ከተባሉ ተገንጣዮች ጋር የነበረው ጠብ ሲበረታ ግን እንክርዳዱ በግልጽ ከታወቀና ለስንዴው ካላሰጋ ተግሣጽ አይተኛ እስከማለት ደረሰ፤ የመንግሥትንም ኃይል ተቀበለ። ትልቅ አባት ነው። እኔ ግን ከዮሐንስ አፈወርቅ ጋር ነኝ። አውግስጢኖስ «በግልጽ ከታወቀ» ያለው ያ ሁኔታ፣ ሰውን በተመለከተ፣ ተሟልቶ አያውቅም ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል አገልጋዮቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ማለቴ እንዳልሆነ የማውቀው በሙያዬ ነው። የተከለከለው ያለ መለየት መንቀል ነው። የሚለይ መሣሪያ ካለስ?

ፔኒሲሊን የሚለይ መሣሪያ ነው። ባክቴሪያው ልብሱን ከእኛ ሥጋ ጋር አመሳስሎ፣ ምሕረታችንን ይዞ፣ መልእክተኞቻችንን ቆርጦ ሲያበቃ አንድ ነገር ሊደብቅ አልቻለም። ከልብሱ በታች የሚያቆመው ግድግዳ አለው፤ ፔፕቲዶግላይካን ይባላል፤ ሰው በየትኛውም ሴሉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የዚህን ግድግዳ አሠራር ነው። ባክቴሪያው ግድግዳውን ሲገነባ ይይዘውና ይፈርሳል፤ የልጁ ሴል ግን የሚፈርስ ግድግዳ የለውም። ከመድኃኒቱ ጋር የማይስማሙ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ለዚያ እንጠይቃለን፣ እንጠብቃለን። ከተገኘ ወዲህ ብዙ ባክቴሪያዎች ሲላመዱት ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ግን እስከ ዛሬ ለፔኒሲሊን የሚገዛ ሆኖ ቆይቷል። ለምን እንደሆነ ሳስብ ምስጋና ይመጣብኛል።

በአሜሪካ ዋዮሚንግ፣ ፎርት ዋረን በሚባል የጦር ሰፈር ራመልካምፕና ባልደረቦቹ ጉሮሯቸውን የታመሙ ወታደሮችን በፔኒሲሊን አክመው በ1950 ያሳተሙት ውጤት፣ ጉሮሮው ላይ ያለው ባክቴሪያ በጊዜ ከጠፋ ልብ እንደሚተርፍ አረጋገጠ። ሕመሙ ከጀመረ እስከ 9 ቀን ድረስ መድኃኒቱ ቢጀመር እንኳ የልቡን ጣጣ ይከላከላል። በዚህ ጣጣ አንድ ጊዜ የታመመ ልጅ ደግሞ ተመልሶ እንዳይታመም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አለ፤ ቀደም ብዬ ያነሳሁት ወርሃዊ መርፌ እሱ ነው። ያማል። ልጆቹ ጠርሙሱን ሲያዩ ነው ማልቀስ የሚጀምሩት። የደምብያዋ ልጅ ግን አታለቅስም ነበር፤ ጥርሷን ነክሳ ግድግዳውን ታያለች። ጠባሳው የጠናበት ቫልቭ በመርፌ አይመለስም፤ ያኔ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የስንቱን ልጅ ደረት እንደከፈተና ስንቱ ገና ወረፋ እንደሚጠብቅ የሙያ ጓደኞቼ ያውቃሉ።

እንግዲህ ሥቃይን በምሳሌ ፈትቼ ለመዝጋት አልፈልግም። ያቺ ልጅ ለማንም ትምህርት ልትሆን አልተፈጠረችም። የሰውነት ትዕግሥት ለምን እንደሚያስፈልግ አውቄያለሁ፤ ትዕግሥት የሌለበት ሰውነት እንደማይቆም አይቻለሁ፤ ይህ ግን ለምን የእሷ ልብ ሆነ የሚለውን አይመልስም። ሌሊት ቀና ብላ የምትተኛ ልጅ ፊት ቆሞ የእግዚአብሔርን ትዕግሥት የሚያስረዳ ሰው መጀመሪያ መርፌውን ይያዝ እላለሁ።

ምሳሌው ውስጥ እየቆየ የሚወጋኝ ሌላ ነገር አለ። ጠላት የመጣው ሰዎቹ ተኝተው ሳለ ነው። ብዙዎቻችን የባለቤቱን ትዕግሥት እየመረመርን የሰዎቹን እንቅልፍ እናልፈዋለን። የልጅቷን ልብ የጎዳው በሽታ በበለጸጉት አገሮች ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ የጠፋው በጸሎት ብዛት ወይም በደም ልዩነት አይደለም፤ ቤቶች ሰፍተው፣ ጉሮሮ የታመመ ልጅ በጊዜ ታክሞ ነው። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዛሬም ከዚህ የልብ ሕመም ጋር ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ እንደ እኛ ባሉ አገሮች። በ2015 በአፍሪካ ኅብረት የጸደቀው፣ የአዲስ አበባን ስም የያዘው መግለጫ፣ በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት መንግሥታት ጥራት ያለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሳይቆራረጥ እንዲያቀርቡ ጠይቋል። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2018 ውሳኔ አሳልፏል። መድኃኒቱ ርካሽና አሮጌ ነው። በመደርደሪያ ላይ የጠፋበትን ወር አይቻለሁ፤ በዚያ ወር የጠፋውን እግዚአብሔር ታግሦ ነው ማለት አልችልም።

ስለዚህ እናቶች ስለ ትዕግሥት ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አለ፤ ከዚያ በፊት ግን የምነግራቸው ይህን ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ድንገት ትኩሳት ይዞት መዋጥ ካቃተው፣ አንገቱ ላይ ዕጢ ካበጠ፣ ሳልና ንፍጥ ከሌለው፣ እንጥሉን አታስቆርጡት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕመሙ በሦስትና በአራት ቀን በራሱ ቢለቀው እንኳ ውሰዱት። ከታዘዘለት የአሥር ቀኑን ክኒን ስለተሻለው ብላችሁ በአራተኛው ቀን አታቋርጡ፤ ወይም አንዱን መርፌ ይወጋና ይገላገል። 9 ቀን አላችሁ።